ከኢጃዛ እስከ ዶክትሬት፦ ጥናትን መፈጸምና ለማስተማር ሥራ መዘጋጀት

በመድረሳ አድገው፣ ዐረብኛውን ከነነህዉና ከነሶርፉ ይዘው፣ ከዚያም ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለዶክትሬት የደረሱ ደረሶች ዛሬ በመካከላችን አሉ። ከእነርሱ ከፊሉ የኮርሱን ዘመን በመልካም ውጤት ይጨርስና በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ለዓመታት ይቆማል። ሌላው ጽሑፉን ፈጽሞ ማዕረጉን ከያዘ በኋላ የሚያስተምርበት ወንበር ያጣል። የመጀመሪያው ችግር የስንፍና፣ ሁለተኛው የዕድል ጉዳይ ተደርጎ ይቆጠራል። እኛ ግን ሁለቱም ከአንድ ሥር ይበቅላሉ እንላለን። በቀደመው የዕውቀት ሥርዓታችን መማር፣ መፈጸምና ማስተማር ተያይዘው ነበር፤ በዩኒቨርሲቲው ሥርዓት ተለያይተዋል። የተለያዩትን የማገናኘት አማና ደግሞ በአማካሪው፣ በተማሪውና ደረሳውን ወደዚያ በላክነው በእኛ ላይ ወድቋል።

፩. ፍጻሜውና ሥራው አንድ በነበሩበት ጊዜ

በወሎ ደረሳ ፊቅህን ከአንዱ ሸይኽ፣ ነህዉን ከሌላው፣ ተፍሲርን ከሦስተኛው ለመቅራት ከቦታ ወደ ቦታ ይዘዋወር እንደነበር አንባብያን ያውቃሉ። ከፍ ያለው ደረሳ ገና እየቀራ ሳለ ታናናሾቹን ያስቀራ ነበር። ኢጃዛ ሲሰጠው ኪታቡን እስከ መጨረሻው ማንበቡ ይመሰከርለታል፤ ለሌሎች እንዲያስተላልፍም ይፈቀድለታል፤ ስሙም በሰነዱ ሰንሰለት ውስጥ ይገባል። አንድ አገር አስተማሪ ሲፈልግ ወደ ሸይኹ ይልካል፤ ሸይኹም የሚያውቀውን ይልካል። የትምህርቱ ፍጻሜና የሥራው መጀመሪያ እንዲህ ይገናኙ ነበር።

ይህን ስንል ያለፈውን ዘመን ያለ ችግር የነበረ አድርገን ለማሳየት አይደለም። በትልልቆቹ ከተሞች የማስተማር ወንበር በወቅፍ ሰነድ ቅድመ ሁኔታ የታሰረ ነበር። በ459 ዓመተ ሂጅራ (1067 እ.ኤ.አ.) በባግዳድ የተከፈተው ኒዛሚያ ለሻፊዒይ መዝሀብ የተወቀፈ ነበር፤ ኢማሙ ገዛሊ በ484 ተሹመው ያስተማሩትም በዚያ ነው። ኢማሙ ነወዊ ከ665 ጀምሮ በደማስቆ የአሽረፊያ ዳሩል ሐዲስን መርተዋል። እንዲህ ባለው ስፍራ የሚሾም ሰው የመዝሀቡንና የፈኑን ቅድመ ሁኔታ ማሟላት ነበረበት። የዛሬው የቅጥር ማስታወቂያም ቅድመ ሁኔታ ያለው ወንበር ነው፤ ስለዚህ ማስታወቂያን ማንበብና ለእርሱ መዘጋጀት ለዕውቀት ሰው ነውር አይደለም።

፪. ሚንሃጅና መጅሙዕ

ጥናትን ስለመፈጸም ከኢማሙ ነወዊ ሁለት ኪታቦች የተሻለ ትምህርት አናገኝም። ሚንሃጅ የራፊዒይን ሙሐረር ያሳጠረ፣ ወሰኑ የታወቀ ሥራ ነው። ተፈጽሟል፤ በሀገራችን ጭምር ሻፊዒያ ባሉበት ሁሉ ተቀርቷል። መጅሙዕ ደግሞ በሺራዚ ሙሀዘብ ላይ የተጀመረ ታላቅ ሸርሕ ነው። ኢማሙ በ676 ሲሞቱ ዕድሜያቸው አርባ አምስት ገደማ ነበር፤ ሥራውም የሪባ ምዕራፍ ላይ ቆመ። ተቂዩዲን አስ-ሱብኪ ከዚያ ቢቀጥሉም እርሳቸውም አልጨረሱትም። የመጅሙዕ ክብር ባለመፈጸሙ አልተቀነሰም። ነገር ግን የዶክትሬት ተማሪ የተጠየቀው ሚንሃጅን ነው፤ ብዙዎቹ የሚጀምሩት ግን መጅሙዕን ነው።

በምሳሌ እናስረዳ። «እስልምና በወሎ» የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። «የሸይኽ ጦልሃ ቢን ጀዕፈር የዐጀሚ መንዙማዎች» ጠበብ ይላል፤ ሆኖም ገና ሰፊ ነው። «በአንድ አካባቢ በተገኙ ቅጂዎች ውስጥ የአማርኛ ድምፆች በዐረብኛ ፊደል እንዴት ተጻፉ?» ሲባል ግን ጥያቄው መልስ የሚያገኝበት ወሰን ይኖረዋል። አማካሪው በጥናት ንድፉ ጊዜ ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ማስያዝ ይገባዋል፦ ጥያቄው ምንድን ነው? ማስረጃው የት ነው፤ ተማሪው ሊያየውስ ይችላል? የትኛው ጉዳይ ሆን ተብሎ ቀርቷል? የሦስተኛው መልስ ካልተጻፈ አዲስ ኪታብ በተገኘ ቁጥር ጽሑፉ ይሰፋል እንጂ አያልቅም።

ከመድረሳ የመጣ ተማሪ ሌላም መሰናክል አለበት፤ እርሱም አደቡ ነው። በቀደሙት ዐሊሞች ቃል ላይ የራሱን ቃል ማስቀመጥ ይከብደዋል፤ ስለዚህ ምዕራፎቹ የሌሎች ንግግር ስብስብ ይሆናሉ፤ ገምጋሚውም «ያንተ አስተዋጽኦ የቱ ነው?» ብሎ ይመልሰዋል። መልሱ አሁንም ሚንሃጅ ውስጥ አለ። ኢማሙ ነወዊ በራፊዒይ ቃል ላይ የሚጨምሩትንና የሚያርሙትን «ቁልቱ» ማለትም «አልኩ» በሚል ቃል ይጀምሩታል፤ «ወላሁ አዕለም» ብለውም ይዘጉታል። የባለቤቱ ቃልና የእርሳቸው ቃል አይቀላቀልም፤ ክብሩም ሐሳቡም በየቦታው ይቆማል። ተማሪው በየምዕራፉ የራሱ «ቁልቱ» የት እንዳለ በጣቱ ማሳየት ከቻለ ጥናቱ ሊፈጸም ተቃርቧል ማለት ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ የጊዜ ሥርዓት ነው። ኢብን ሐጀር ፈትሑል ባሪን በ817 ጀምረው በ842 ፈጸሙት፤ የተጻፈውም በሳምንታዊ መጅሊስ ከተማሪዎቻቸው ጋር እየተነበበና እየተመሳከረ ይታረም ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ለማንም የዶክትሬት ተማሪ አይሰጥም፤ የሳምንቱ መጅሊስ ግን ዛሬም ይቻላል። የተወሰነ ቀን፣ ጥቂት የተጻፉ ገጾችና የሚያነብ ሰው ይበቃሉ። «ንባቤን ስጨርስ እጽፋለሁ» የሚል ተማሪ ንባቡን አይጨርስም። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የሚጽፍ ግን ምን ማንበብ እንደቀረው ከጽሑፉ ይማራል።

፫. የሥራውን በር ማወቅ

በሀገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ይደነግጋል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ማስታወቂያ በአብዛኛው በታሪክ፣ በቋንቋ፣ በሕግ፣ በማኅበረሰብ ጥናት ወይም በቅርስ የትምህርት ክፍሎች ስም የሚወጣውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ተማሪው ገና ንድፉን ሲያቀርብ «ይህን ጥናት የትኛው የትምህርት ክፍል የእኔ ነው ይላል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። በሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ውሳኔ ላይ የሚሠራ ሰው የ1992ቱን አዋጅ ቁጥር 188 እና የሕግ ጥናት ዘዴን ማወቅ ይጠበቅበታል። በኪታብ ቅጂዎች ላይ የሚሠራም የወረቀቱን፣ የጥራዙንና የካታሎግ አሠራሩን መማር አለበት። ፊቅሁን ብቻ አውቆ መቅረብ በር አይከፍትም።

ከማዕረጉ በፊት ሊዘጋጁ የሚገባቸው ነገሮች ጥቂትና የታወቁ ናቸው። በአቻ ምሁራን የሚገመገም መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጽሑፍ፣ ሊያስተምራቸው የሚችላቸው ሁለት ኮርሶች ንድፍ፣ በትክክል የተጻፈ የትምህርትና የሥራ ታሪክ መግለጫ፣ እንዲሁም ጥናቱን ለማያውቁ ሰዎች በሃያ ደቂቃ የማስረዳት ልምምድ ናቸው። ገንዘብ ተቀብለው ያለ ግምገማ ከሚያትሙ መጽሔቶች መራቅ ደግሞ የአማና ጉዳይ ነው፤ ማዕረጉን ያገኘውን ሰው ስም ለሁልጊዜ ያጎድፋሉና።

የመመረቂያ ጽሑፍ ወዲያው መጽሐፍ ይሁን ማለት አይደለም። ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ በወሎ እስልምና ላይ የሠሩትን ጥናት ለበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት በ1985 እ.ኤ.አ. ነው፤ መጽሐፉ በላይደን የታተመው በ2001 ነው። በመካከሉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ፣ በመጽሔቶችም ጽሑፍ ያወጡ ነበር። ጥናቱ ተፈጸመ፤ ወንበሩ ተያዘ፤ መጽሐፉ በጊዜው መጣ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

፬. የመምህራንና የኢማሞች ድርሻ

የመጀመሪያው ምስክርነት ነው። ከእኛ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠየቅ «ጨዋ፣ ዲነኛ፣ ታታሪ ልጅ ነው» ብለን እንጽፋለን። የሐዲስ ሊቃውንት ግን በጀርሕና ተዕዲል «ሲቃ» እና «ሶዱቅ» የሚሉትን ደረጃዎች ለይተው ያስቀምጡ ነበር። የእኛም ደብዳቤ ተማሪው የትኛውን ኪታብ እንደቀራ፣ ስንት ዓመት እንዳስተማረ፣ ምን በራሱ እንደሠራና በምን እንደሚበልጥ ለይቶ ቢናገር ለቀጣሪው ማስረጃ ይሆናል። የተጋነነ ምስጋና ግን ተማሪውን አይጠቅምም፤ የመስካሪውንም ቃል ያቀላል።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። የዶክትሬት ተማሪ በመስጂዱ ኹጥባ፣ ደርስ፣ ሽምግልናና የኮሚቴ ስብሰባ ሁሉ ይጫንበታል፤ እምቢ ማለትም ያፍራል። በመጨረሻው ዓመት ኢማሙ ራሱ ከጀመዓው ፊት ቆሞ «ይህ ወንድማችን ጥናቱን እስኪፈጽም ተውልኝ» ቢል ከገንዘብ የሚበልጥ ድጋፍ ነው። የቤተሰብ ኪታቦችን ለማየት በሚፈልግበት ጊዜም ከባለቤቶቹ ጋር ያገናኘው፤ ፈቃዳቸውንም አብሮ ይጠይቅለት። ጥናቱን የሚያስረዳበትን ልምምድም በመድረሳ መምህራን ፊት እንዲያደርግ ይጋብዘው።

ሦስተኛው እውነት ነው። ማዕረግ ያገኘ ሁሉ የዩኒቨርሲቲ ወንበር እንደማያገኝ ደረሳው ከመግባቱ በፊት ሊነገረው ይገባል። የመድረሳ ሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤት፣ ቤተ መዛግብትና ሙዚየም፣ ትርጉምና የኅትመት ሥራ እንደ ውድቀት የሚቆጠሩ አይደሉም። ይህ ቀድሞ ከተነገረው ዝግጅቱን ያሰፋል፤ ካልተነገረው ግን በሠላሳ አምስትና በአርባ ዓመቱ፣ ቤተሰብ ይዞ፣ እንደተታለለ ይሰማዋል። ወጪውን የሚሸፍን ጀመዓም እስከ መቼና ለምን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ያስቀምጥ፤ የመጨረሻውን የጽሕፈት ዓመትም በስሌቱ ውስጥ ያስገባ፤ ድጋፍ ብዙ ጊዜ የሚቋረጠው እዚያ ላይ ነውና።

ሰነዱን የሚያውቁ፣ የኪታቦቹን ባለቤቶች በስም የሚጠሩ አረጋውያን በየዓመቱ ይለዩናል። ከእነርሱ የሰማውን በማስታወሻ ደብተር የያዘ፣ ጽሑፉን ግን ያልፈጸመ ተማሪ የያዘው አማና ለሌሎች ሳይደርስ ይቀራል። የፈጸመውም የሚያስተምርበት ካላገኘ ሰንሰለቱ በእርሱ ላይ ይቆማል። ቀደምት ሸይኾች ኢጃዛ ሰጥተው ደረሳቸውን የሚሄድበትን አገር ያሳዩት ነበር። ይህ ልማድ ከአማካሪውም ከእኛም ይጠበቃል። ወላሁ አዕለም።