ስለ ዓርማ ሥራ ውል፤ ሥራ ሰጪና ሠዓሊ እንዴት ሊነጋገሩ እንደሚገባ

አንዱ ጥበቡን፤ ሌላው ገንዘቡን ይዞ በሚገናኝበት ጊዜ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ያልተነጋገሩ እንደሆነ፤ ሥራው በፍቅር ተጀምሮ በክርክር ይፈጸማል። በዛሬው ዘመን መሥሪያ ቤቱም ማኅበሩም ደብሩም ዓርማ፤ ማስታወቂያና የመጽሐፍ ሽፋን ያሻዋል። ይህንን የሚሠሩት ግራፊክ ዲዛይነር የሚባሉት ባለሙያዎች ብዙዎቹ ወርኃዊ ደመወዝ የሌላቸው፤ በየሥራው እየተዋዋሉ የሚኖሩ ናቸው። ስለዚህ ለሥራው እንዴት ሊጠየቁ፤ ዋጋቸውንም እንዴት ሊያቀርቡ እንደሚገባ ጥቂት መናገር አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቀድሞ ጊዜ አንድ ሰው ለደብሩ ዳዊት ወይም ገድል ሊያጽፍ ባሰበ ጊዜ፤ ጸሐፊውን ጠርቶ የእጁን ጽሕፈት ይመለከት ነበር። ብራናውን ማን እንደሚያቀርብ፤ ሐረግና ሥዕል እንዲኖረው ወይም እንዳይኖረው፤ ዋጋውም በምን በምን ጊዜ እንደሚከፈል ተነጋግረው ይዋዋላሉ። የጸሐፊውን ችሎታ ለመመርመር ሲሉ ዳዊቱን በሙሉ በነጻ ጽፈህ አሳየን ማለት ግን አሳፋሪ በሆነ ነበር።

ዛሬ አንዳንድ ሥራ ሰጪ አሥር ሠዓሊዎች ጠርቶ፤ ሁሉም የተፈጸመ ዓርማ ሠርተው እንዲያመጡ ያዛል፤ ለአንዱ ከፍሎም የዘጠኙን ድካም ከንቱ ያስቀረዋል። ከዚህም የሚከፋው የአንዱን አሳብ ወስዶ በርካሽ ለሚሠራ ለሌላው መስጠት ነው። ይህ ቍጠባ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን የሠራተኛን ዋጋ ማስቀረት ነው።

የሚሻለው መንገድ ይህ ነው። ሥራ ሰጪው ሠዓሊው ከዚህ በፊት የሠራውን ተመልክቶ፤ እንዴት አስቦ እንደ ደረሰበት እንዲያስረዳው ይጠይቀው። ሠዓሊውም በፈንታው ዝም ብሎ አይቀመጥ፤ ዓርማው ለማን እንደሚታይ፤ በማኅተም፤ በሰንደቅ ወይስ በስልክ ላይ እንደሚወጣ፤ ስንት ጊዜ እንደሚታረም፤ የመጨረሻውን ፈቃድ የሚሰጠውም ማን እንደሆነ ይጠይቅ። በማኅተም ላይ ሲያንስ የሚጠፋ መስመር፤ በአንድ ቀለም ሲታተም የሚደበዝዝ ሥዕል፤ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ካለመጠያየቅ የሚመጣ ጥፋት ነው።

ስለ ዋጋ ከአሜሪካ ሁለት ምሳሌ እናቀርባለን። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1971 ካሮሊን ዴቪድሰን የተባለች ተማሪ ናይኪ ለተባለው የጫማ ኩባንያ ዓርማውን ሠርታ፤ ሥራዋን በሰዓት ቈጥራ 35 ዶላር ተቀበለች። ኩባንያው ከከበረ በኋላ በ1983 የአክሲዮን ድርሻና ቀለበት ሰጣት፤ ይህ ግን ቸርነት ነው እንጂ ውል አይደለም። በ1986 ደግሞ ፖል ራንድ ለስቲቭ ጆብስ አዲስ ኩባንያ ለኔክስት ዓርማ ሲሠራ 100,000 ዶላር ተቀበለ፤ ብዙ አማራጭ እንዲያቀርብ ቢጠየቅም እንቢ ብሎ አንድ ብቻ አቀረበ። እርስዋ ሰዓቷን ሸጠች፤ እርሱ ግን በብዙ ዘመን ያከማቸውን ዕውቀት ሸጠ። እንግዲህ ዋጋ የሚያቀርብ ሁሉ የሚሸጠውን አስቀድሞ ይወቅ፤ ገዢውም ዝቅተኛውን ዋጋ ብቻ አይቶ አይፍረድ።

ለሕዝብ ሁሉ የሚሆን ዓርማ ሲፈለግ ውድድርን ለሁሉ መክፈት የተገባ ነው፤ ሕጉና ሽልማቱ አስቀድሞ ታውቆ እያንዳንዱ በፈቃዱ ይገባበታልና። የአፍሪካ ኅብረት በ2010 የመረጠው ሰንደቅ ዓላማ ከ106 ሥራዎች መካከል የተገኘ ሲሆን፤ የሠራው ኢትዮጵያ ተወልዶ በአሜሪካ የሚኖረው ያዴሳ ቦጂያ ነው። በጃፓን አገር ግን የቶኪዮ ኦሊምፒክ የመጀመሪያ ዓርማ፤ በቤልጂግ ያለ የቴያትር ቤት ዓርማ ይመስላል ተብሎ ስለ ተነቀፈ በ2015 ተሰረዘ። ያ ውድድር ለጥቂት ባለ ሽልማቶች ብቻ የተፈቀደ ነበር። ኋላ ለሁሉ ተከፍቶ ከ14,599 ሥራዎች አንዱ በ2016 ተመረጠ። አንድ መሥሪያ ቤት ለትንሽ ጉዳዩ ይህንን ምሳሌ አድርጎ ነጻ ሥራ መሰብሰብ ግን አይገባውም።

በመጨረሻም የተነጋገሩት ሁሉ በጽሕፈት ይሁን። ቀብድና ቀሪው ክፍያ፤ የማስረከቢያው ቀንና የእርማቱ ብዛት ይመልከትበት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 410 የቅጂ መብትን የሚጠብቅ ስለ ሆነ፤ መብቱ ለማን እንደሚሆንም በውሉ ይገለጽ።

ቅዱስ ወንጌል ስለ ግንብ ሠሪው የሰጠውን ምሳሌ ካህናቶቻችን ያውቁታል። ዓርማ ከግንብ ያነሰ ቢመስልም፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም ተሸክሞ በየደብዳቤው ይዞራል። በሠዓሊው ግፍ የተሠራ ዓርማ እንዴት አድርጎ የመሥሪያ ቤቱን ክብር ሊመሰክር ይችላል?