ጆ ንጉሤ ለወረዳው ሰው ምን ሠራ? «ስንት ሕግ አወጣ?» ብላችሁ ብቻ አትቁጠሩ

ዛሬ ስለ ጆ ንጉሤ እናውራ። ስሙን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከኤርትራ ተሰደው ከመጡ ወላጆች ካሊፎርኒያ ተወልዶ ኮሎራዶ ያደገ፣ በ2018 ተመርጦ ኮንግረስ የገባ የመጀመሪያው ኤርትራዊ አሜሪካዊ ነው። በ2021 ትራምፕ ሴኔት ፊት ሲከሰሱ ከከሳሾቹ አንዱ ሆኖ ሲናገር በስልካችን ያየነው ሰውዬ ማለት ነው።

ያ ግን የዋሽንግተኑ ጆ ነው። እኛ ዛሬ የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ የመረጠው ሕዝብ ምን አገኘ? ወረዳው የኮሎራዶ 2ኛ ወረዳ ነው፤ ቦልደርን፣ ፎርት ኮሊንስን፣ ከዚያም ወደ ምዕራብ የተራራ ከተሞቹን ይዟል። የዚያ አካባቢ ሰው ትልቁ ራስ ምታት ደግሞ አንድ ነው። እሳት።

በ2020 ካሜሮን ፒክ የተባለው ሰደድ እሳት ብቻውን ከ208 ሺህ ኤከር በላይ (ወደ 84 ሺህ ሄክታር) አቃጠለ። በኮሎራዶ ታሪክ ትልቁ ነው። በዓመቱ የባሰው መጣ። ዲሴምበር 30/2021፣ ክረምት እያለ፣ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ የሚምዘገዘግ ንፋስ የማርሻልን እሳት ጫካ ውስጥ ሳይሆን ሉዊቪልና ሱፒሪየር የሚባሉ ከተሞች ውስጥ ይዞት ገባ። ሁለት ሰው ሞተ፣ ከ1,000 በላይ ቤት በአንድ ቀን አመድ ሆነ። ልብ በሉ፣ የተቃጠለው መሬት ከካሜሮን ፒክ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ወደ 6 ሺህ ኤከር። ግን ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነበር። ጆ የሚኖረው ላፋዬት ነው፤ ከሉዊቪል ጋር ጎረቤት ናቸው።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ከማርሻል እሳት በፊትም ቢሆን ጆ የያዘው አንድ ጉዳይ ነበር፦ የእሳት አጥፊዎቹ ደመወዝ። የፌዴራል መንግሥት የጫካ እሳት አጥፊዎች በእሳት መሃል ገብተው እየሠሩ አንዳንዶቹ በሰዓት ከ15 ዶላር በታች ነበር የሚከፈላቸው። እስከ 2021! ሀምበርገር ቤት ገብቶ መሥራት ይሻላል ብሎ የሚለቀው ሰው ብዙ ነበር፤ ማንም አይፈርድበትም።

በ2021 ቲም ሃርት የሚባል፣ ከአውሮፕላን በፓራሹት እየዘለለ እሳት የሚያጠፋ ሠራተኛ ኒው ሜክሲኮ ላይ ሥራው ላይ ተጎድቶ ሞተ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ጆ ከሪፐብሊካኗ ሊዝ ቼኒ ጋር ሆኖ በሟቹ ስም የተጠራ ረቂቅ ሕግ አቀረበ። ደመወዝ ይጨመር፣ የጤናና የአእምሮ ሕክምና ይሟላ፣ የጡረታ አቆጣጠሩ ይስተካከል የሚል ነው።

ታዲያ ረቂቁ ጸደቀ? አልጸደቀም።

በጁላይ 2022 በጆ ስም ከቀረበ ትልቅ የእሳትና የድርቅ ሕግ ጋር ተጠቅልሎ በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። ሴኔት ግን ሳያየው ቀረ። እንግዲህ «ስንት ሕግ አወጣ?» ብሎ የሚቆጥር ሰው እዚህ ጋ ዜሮ ይጽፋል። ብዙ ሰው የሚስተውም እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም ደመወዙ ጨምሯል!

እንዴት መሰላችሁ? ኖቬምበር 2021 ፕሬዚዳንት ባይደን የፈረሙት ትልቁ የመሠረተ ልማት ሕግ ውስጥ፣ ከመንገዱና ከድልድዩ መሃል፣ ለእሳት አጥፊዎች 600 ሚሊዮን ዶላር ተወሽቆ ነበር። በዚያ ገንዘብ እያንዳንዱ ሠራተኛ በዓመት 20 ሺህ ዶላር ወይም የደመወዙን ግማሽ፣ ከሁለቱ አነስ ያለውን፣ ተጨማሪ ማግኘት ጀመረ። ችግሩ ገንዘቡ የሚያልቅ መሆኑ ነው። በ2023 መገባደጃ አለቀ። ከዚያ በኋላ ኮንግረስ ጊዜያዊ በጀት ባጸደቀ ቁጥር ጭማሪውን ለጥቂት ወራት ያራዝመዋል፤ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ሁሉም ይጨነቃል። የቤት ኪራይ የምትከፍል ሰው ደመወዝህ በየጥቂት ወሩ በኮንግረስ ጠብ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያድር አስበው። ጆም በየዙሩ «ቋሚ ይሁን» እያለ ሲጨቀጭቅ ነበር፤ ሪፐብሊካንም ዴሞክራትም አብረውት ነበሩ።

ቋሚ የሆነው ማርች 2025 ላይ ነው። የገባውም ሪፐብሊካኖች ባቀረቡት የዓመት በጀት ሕግ ውስጥ ነው። አስቂኙ ነገር ምን መሰላችሁ፣ ያንን በጀት ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ከዴሞክራቶች የደገፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የሜይኑ ጃሬድ ጎልደን እንጂ ጆ አይደለም። ዴሞክራቶቹ በጀቱን የተቃወሙት በሌሎች ምክንያቶች ነው። ያም ሆኖ ሲለፋበት የቆየው ነገር እሱ ባልደገፈው ሕግ ውስጥ ተጠቅልሎ ጸደቀ። ይህን ተንተርሶ «ተቃውሞ ነበር» ብሎ ፖስት መሥራት ይቻላል። «እሱ ነው ያመጣው» ብሎ መሥራትም ይቻላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ነው። እኛ እንደምናየው ጉዳዩን ለዓመታት ሕያው አድርገው ካቆዩት ሰዎች አንዱ እሱ ነው፤ በመጨረሻ በሩን የከፈተው ድምፅ ግን የእሱ አይደለም። የጤናውና የቀረው ጥያቄም ከደመወዙ ጋር አብሮ አልተመለሰም።

ተመሳሳይ ነገር በመሬት ጉዳይም አለ። በኮሎራዶ ወደ 400 ሺህ ኤከር መሬት እንዲጠበቅ ጆ በ2019 ያቀረበው ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ፤ ሴኔት ላይ ግን ተቀረቀረ። ከውስጡ አንዱ ቁራጭ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተራራ ወታደሮች በበረዶ ላይ የሰለጠኑበት ካምፕ ሄል፣ ኦክቶበር 2022 በባይደን ፊርማ ብቻ ጥብቅ ብሔራዊ ስፍራ ሆነ። ወደ 54 ሺህ ኤከር። እዚህም ሕጉ አላለፈም፣ ውጤት ግን አለ። በፊርማ የመጣ ነገር ግን ሌላ ፕሬዚዳንት መጥቶ ሊነካካው መሞከሩ አይቀርም። ሕግ ሆኖ ቢጸድቅ ይሻል የነበረው ለዚህ ነው።

አሁን ለናንተ በቀጥታ የሚጠቅመው ክፍል። የማንኛውም ኮንግረስማን ቢሮ ዜና ላይ የማይወጣ ሥራ አለው፦ የነዋሪን ፋይል መከታተል። ኢሚግሬሽን ያስገባችሁት ማመልከቻ ከመደበኛው ጊዜ አልፎ ከተኛ፣ የእናታችሁ የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያ ከተቋረጠ፣ ፓስፖርት ከዘገየ፣ ቤት ተቃጥሎ የፌዴራል የአደጋ ዕርዳታ ወረቀት ከተንጠለጠለ፣ ወደ ቢሮው ደውላችሁ ወይም ድረ ገጹ ላይ ገብታችሁ «ፋይሌን እንድታዩ ፈቅጃለሁ» የሚለውን ፎርም ትሞላላችሁ። ያለ ፊርማችሁ መሥሪያ ቤቱ ስለናንተ ምንም አይነግራቸውም። ከዚያ የቢሮው ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱን ይጠይቃል።

እዚህ ጋ እንዳትሸወዱ። ቢሮው «አጽድቁለት» ብሎ ማዘዝ አይችልም፤ ፋይሉ የት ደረሰ፣ ምን ጎደለ ብሎ ነው የሚጠይቀው። ብዙ ጊዜ የተረሳ ፋይል የሚነቃው ግን በዚያ ጥያቄ ነው። ዜጋ መሆን አይጠበቅባችሁም፣ እሱን መምረጥም አይጠበቅባችሁም፤ ወረዳው ውስጥ መኖር ይበቃል። ደግሞ ነፃ ነው። «የኮንግረስ ደብዳቤ አስወጣልሃለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ፣ ሐበሻም ይሁን ፈረንጅ፣ ሮጣችሁ አምልጡ።

አንድ ነገር ግን፦ የኛ ልጆች በብዛት ያሉት አውሮራ ነው፤ አውሮራ የጆ ወረዳ አይደለም። «ስሙ የኛ ነው» ብላችሁ ለሱ ቢሮ ብትደውሉ ወደ 6ኛው ወረዳ ይመልሷችኋል። ሃውስ ዶት ገቭ ላይ ገብታችሁ ዚፕ ኮዳችሁን ጻፉ፤ የናንተ ተወካይ ማን እንደሆነና የቢሮው ስልክ እዚያው ይወጣል።