ሰማያዊው ፍቅፋቂና ነጩ ቁራጭ
አንድ ቆዳ ፋብሪካ አንድ ቶን በጨው የታሸ ጥሬ ቆዳ ተረክቦ የሚያወጣው ያለቀለት ቆዳ ከ200 እስከ 250 ኪሎ ግራም ቢሆን ነው። ከቀረው ውስጥ ቁራጩና ፍቅፋቂው ለፋብሪካው የራስ ምታት ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም በአብዛኛው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ናቸው፤ ኮላጅን በሙቅ ውሃ ሲፈታ ጀላቲን ይሆናል። የመድኃኒት ካፕሱል፣ ከረሜላና የአናጢ ሙጫ የሚሠሩት ከዚሁ ነው።

ለዚህ ዕቃ ገዢ ልሁን የሚል ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ተረፈ ምርቱ ከክሮም በፊት ነው የወጣው ወይስ በኋላ የሚለውን ነው። በኖራ ተዘፍዝፎ ገና ያልለፋው ነጭ ቁራጭ፣ ንጽሕናው ከተጠበቀ፣ ለምግብ ጀላቲን ይሆናል። ዌት ብሉ ሲላግ የሚረግፈው ሰማያዊ ፍቅፋቂ ግን ክሮም ይዟል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 853/2004 ማልፋት የተጀመረበትን ቆዳ፣ ሥራው አለቀም አላለቀም፣ ለምግብ ጀላቲን እንዳይውል ከልክሏል። ነጩና ሰማያዊው በአንድ ጆንያ ከገቡ ደግሞ ነጩም ዋጋ አጣ ማለት ነው።

ሰማያዊው ይጣል ማለት ግን አይደለም። በ1990ዎቹ የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር ተመራማሪዎች ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የሠሩበት ዘዴ ሁለት እርከን አለው። ፍቅፋቂው በቅድሚያ ከማግኒዥየም ኦክሳይድ ጋር 70 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል፤ ጀላቲኑ ወደ ውሃው ሲገባ ክሮሙ በዝቃጩ ይቀራል። ዝቃጩ በኢንዛይም ሲፈታ የማይረጋ፣ ነገር ግን ለማዳበሪያ የሚሆን ፕሮቲን ይሰጣል። የተረፈው ክሮም በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ ወደ ማልፊያው ድራም ሊመለስ ይችላል።

ገንዘቡ ያለው በመጀመሪያው እርከን ነው። ጀላቲን የሚሸጠው በ‹‹ብሉም›› ነውና፦ 6.67 በመቶ ብጥብጥ በ10 ዲግሪ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ከረጋ በኋላ፣ መለኪያ ዘንግ 4 ሚሊ ሜትር እንዲሰምጥበት የሚያስፈልገው ክብደት በግራም ማለት ነው። ከልክ በላይ የሞቀ ጀላቲን ብሉሙ ይወርዳል፤ ዋጋውም አብሮት።

‹‹ክሮሙ ወጥቷል፣ ለካፕሱልም ይሆናል›› የሚል ሻጭ ያጋጠመው ነጋዴ ቻይናን ያስታውስ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2012 ከለፋ ቆዳ ተረፈ ምርት በወጣ ጀላቲን የተሠሩ ካፕሱሎች ሲመረመሩ፣ በኪሎ 2 ሚሊ ግራም ከሆነው የክሮም ገደብ በብዙ እጥፍ አልፈው ተገኙ። ካፕሱሉ ከገበያ ተለቀመ፣ ፋብሪካዎች ታሸጉ፣ ሰዎችም ታሰሩ። የሰማያዊው ጀላቲን ደንበኛ ሙጫ ሠሪውና የመሳሰለው ነው፤ ለእርሱም ቢሆን የብሉሙና የክሮሙ መጠን የተጻፈበት የላቦራቶሪ ወረቀት ከናሙናው ጋር መቅረብ አለበት።