ላቲን የለመደ ጣት

«የወጣቱ ጽሕፈት ተበላሸ» የሚለው ወቀሳ ከሞባይል ጋር አብሮ የገባ ነው። ወላጁም መምህሩም ቀጣሪውም ጣታቸውን ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ይቀስራሉ። ነገሩ ግን ከሁለቱም ይቀድማል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእጃችን የነበሩት ባለቁልፍ ስልኮች ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት አላወቁትም። ስለዚህ አማርኛውን በላቲን ጻፍነው፤ አናባቢውንም እየዘለልን። ዛሬ ስልኩ ፊደሉን ያውቃል፤ ጣቱ ግን የለመደውን አልተወም።

ማሳጠሩ ብቻውን ያን ያህል አይጎዳም ባይ ነኝ። አያቶቻችን የሚልኩት ቴሌግራምም (የሽቦውን ማለቴ ነው) በቃል ሒሳብ ስለሚከፈልበት ተቆራርጦ ነበር የሚጻፈው። የእንግሊዙ ኮቨንትሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ከ10 እስከ 12 ዓመት የሆናቸውን ልጆች አጥንተው፣ በስልክ ቃል ማሳጠር የንባብ ችሎታቸውን ሲጎዳ አላገኙትም። ነገር ግን የእንግሊዙ ልጅ የሚያሳጥረው ነገ ፈተና በሚጽፍበት በዚያው ፊደል ነው። የኛው በሌላ። በላቲን ሲጻፉ «ከበረ» እና «ቀበረ» አብዛኛውን ጊዜ አንድ ናቸው። ጓደኛ ከወሬው አያያዝ ይለያቸዋል፤ ጸሐፊው ግን ለይቶ የመጻፉን ልምምድ በየቀኑ ያጣል።

ጉዳቱ የሚታየው ሥራ ሲፈለግ ነው። ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይ ይወጣል፤ አመልካቹም እዚያው ይመልሳል፦ «ሰላም ስራው አለ?» ስሙን አልጻፈም፣ የትኛው ሥራ እንደሆነም አልጠቀሰም፤ ተከትሎ «ስካን 3» የተባለ ፋይል ይመጣል። ልጁ ድፍረት አላሰበም፤ ከጓደኞቹ ጋር እንዲሁ ነው የሚጻጻፈው። ለተቀባዩ ግን ምዘናው ተጀምሯል። «ጉዳዩ፦ ሥራ ስለመጠየቅ» ብሎ የሚጀምር ማመልከቻ ሲጠየቅ ደግሞ ከፍሎ የሚያስጽፍ አለ። ያልፍለታል እንበል። ተቀጥሮ ቃለ ጉባኤ ያዝ ሲባል፣ ለቅሬታ አቅራቢ መልስ አርቅቅ ሲባል ማን ይጽፍለታል? አማርኛ የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ ነው፤ ደብዳቤው በላቲን አይወጣም።

የሚገርመው፣ ያው ስልክ የእንጀራ በርም ከፍቷል። ባንኩም ነጋዴውም ገጹን የሚያስተዳድርለት ሰው ይፈልጋል፤ ለደንበኛ ጥያቄ በሁለት መስመር፣ በግዕዝ ፊደልና በአንቱታ ቶሎ የሚመልስ። አጭር መጻፍን ወጣቱ ያውቅበታል። የቀረው ፊደሉና አንቱታው ነው።