ውሻዬ እንግዳ ሲያይ ያብዳል! ምን ይሻላል?

መቼም በከተማችን «ተናካሽ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የቆርቆሮ በር ፊት ቆሞ «ላንኳኳ ወይስ ልመለስ?» እያለ ከራሱ ጋር ያልተማከረ ሰው አይገኝም። እኔ በበኩሌ የመብራት ቆጣሪ የሚያነቡ ሰዎችን ባየሁ ቁጥር አንጀቴን ይበሉታል። የዛሬው ጨዋታችን ግን ከበሩ ውጪ ስለቆምነው ስለ እኛ ፍርሃት አይደለም። ከበሩ ውስጥ ሆኖ ስለሚጮኸው ውሻ ፍርሃት ነው። አዎ፣ ስለ ውሻው ፍርሃት!

ይህን ነገር የተማርኩት አዲስ አበባ ውስጥ አይደለም፤ ከፋ ዞን፣ ሺሺንዳ ነው። ሺሺንዳ ከጅማ ወደ ቦንጋ፣ ከቦንጋም የውሽውሽን የሻይ እርሻ አልፋችሁ ወደ ሚዛን ስትጓዙ የምታገኟት የቡና አገር ናት። እዚያ አብሮኝ የተማረ ጓደኛ አለኝ። ስሙን አልጠቅስም። ከእናትና አባቱ ጋር ነው የሚኖረው። አምና በጥቅምት፣ ቡና በሚለቀምበት ሰሞን፣ ለአንድ ሳምንት ልጠይቀው ሄድኩ። የአጥሩን በር ገፋ ሳደርግ... ኧረ ጉድ! ከእንሰቱ ሥር አንድ ቡናማ ውሻ ሰንሰለቱ እስኪወጠር ድረስ ተወርውሮ መጣብኝ። ጉልበቴ ከዳኝ። የጓደኛዬ እናት «አይዞህ ልጄ፣ ታስሯል» አሉኝ እየሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ውሻው ቦቢ ይባላል። ለካስ እኔ ከመድረሴ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ከሰንሰለቱ አምልጦ የጎረቤት ልጅ ባት ነክሷል። ልጁ ወዲያው ጤና ጣቢያ ተወስዶ ክትባት ጀምሯል። አባቱ ግን ሽማግሌ ይዘው መጥተው «ወይ ውሻው፣ ወይ ጉርብትናችን!» ብለዋል። የጓደኛዬ አባት በሥጋ ውስጥ መርዝ ሊሰጡት ቆርጠዋል። እናትየው ደግሞ «ጓሮዬን ከጦጣና ከከርከሮ ማን ሊጠብቅልኝ ነው?» እያሉ ያለቅሳሉ። ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። ጓደኛዬ መሃል ገብቶ «እስከ ገና ጊዜ ስጡኝ፤ እስከዚያ ካልተለወጠ የፈለጋችሁትን አድርጉ» ብሎ ለመነ። አባት እያጉረመረሙም ቢሆን እሺ አሉ።

ጀግና መስሎን ነበር

በማግስቱ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጣ። ከሩቅ ቆሞ ቦቢን ሲያስተውል ቆየና «ጅራቱን አይታችሁታል?» አለን። አየን። ጅራቱ በእግሮቹ መሃል ተወሽቋል። ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ተለጥፈዋል። የዓይኑ ነጭ ይታያል። ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል። ወደ ፊት ይወረወርና ወዲያው ወደ ኋላ ይሸሻል። «ይህ ውሻ ሰው ሊበላ የተነሳ አይደለም። ‹እባካችሁ ራቁልኝ› እያለ ነው» አለ ባለሙያው።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንል የለ? ቦቢ ገና ቡችላ ሳለ ከማድ ቤት ጀርባ ታሰረ። ከቤተሰቡ በቀር ሰው አያውቅም። በመንገድ የሚያልፉ ልጆች ደግሞ ድንጋይ ይወረውሩበታል። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለዓመታት ቡችሎችን አጥንተው በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቡችላ ከሰው ጋር በቀላሉ የሚላመደው ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ መሆኑን አሳይተዋል። ቦቢ እነዚያን ሳምንታት ያሳለፈው የማድ ቤት ግድግዳ እያየ ነው።

ሰንሰለቱ ደግሞ ነገሩን አባባሰው። የፈራ ፍጡር መጀመሪያ የሚመኘው መሸሽ ነው። የታሰረ ውሻ ግን መሸሻ የለውም፤ የቀረው መጮህና መንከስ ብቻ ነው። ሲጮህ መንገደኛው መንገዱን ይቀጥላል። ቦቢ ግን «ጮኼ አባረርኩት!» ይላል። ነገ የበለጠ ይጮሃል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ጤናውን አስመርምሩ። ሕመም ያለበት ውሻ ይናከሳል። ጸባዩ በድንገት የተለወጠ ውሻ ደግሞ ፈጥኖ ሐኪም ሊያየው ይገባል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየጊዜው ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ ሲያጉረመርም አትምቱት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። በዱላ ዝም ያሰኛችሁት ውሻ ጥሩምባው እንደተነቀለ ሚኒባስ ነው፤ ሳያስጠነቅቅ ይገጫችኋል። ላዩ ላይ ደግሞ «እንግዳ ሲመጣ ዱላ ይመጣል» ብሎ እንግዳን አብዝቶ ይጠላል።

ሦስተኛ፣ መሸሸጊያ ስጡት። ጓደኛዬ ከበሩ ርቆ በጓሮ በኩል በጠንካራ እንጨት አጠረለት። መንገደኛ እንዳይታየው በመንገዱ በኩል ጆንያ ሰቀለበት። ሰንሰለቱ ወለቀ። የጩኸቱ ግማሽ የዚያኑ ሰሞን ቀነሰ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

አራተኛው ዋናው ነው፤ ርቀትና ምግብ። ጓደኛዬ ከሥጋ ቤት ሳምባ ገዝቶ ቀቀለና እንደ ጣት ጫፍ አድርጎ ከታተፈው። እንግዳ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ከቦቢ 30 እርምጃ ያህል ርቄ፣ ከአንድ የቡና ዛፍ አጠገብ ጎኔን ሰጥቼ ቆምኩ። ቦቢ ያየኛል፣ ግን አይጮህም። እኔ ብቅ ስል ሳምባ ይወረወርለታል። ከዛፉ ጀርባ ስሰወር ሳምባው ይቆማል። ብቅ፣ ሳምባ። ስውር፣ ባዶ። በቀን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ሰው ይታያል፣ ከዚያ ምግቡ ይመጣል። ውሻው ሰው ባየ ቁጥር ዞር ብሎ የጌታውን እጅ ማየት ሲጀምር፣ ያኔ አንድ ሁለት እርምጃ መጠጋት ይቻላል። ከጮኸ ወይም ምግቡን እንቢ ካለ በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው፤ ራቁለት።

ይህ ብልሃት የቆየ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ሜሪ ኮቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ጥንቸል የሚፈራ አንድ ሕፃን እንዴት ፍርሃቱ እንደለቀቀው ጽፋለች። ልጁ የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሉን ከሩቅ ታሳየዋለች፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ታስጠጋለታለች። በመጨረሻ ልጁ ጥንቸሉን በእጁ ዳሰሰው። ውሻም፣ ልጅም፣ ፍርሃት የሚለቃቸው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው።

እናንተ እንግዳ ስትሆኑ ደግሞ የሰው ውሻ ላይ አታፍጥጡ። ጎንበስ ብላችሁ ራሱን ልዳብስ አትበሉ። እንደሌለ ቁጠሩት። ለፈሪ ውሻ ትልቁ ስጦታ አለመፈለጉ ነው። ሕፃናትን ግን በዚህ ልምምድ ውስጥ በፍጹም አታስገቡ!

ጀበናው ሲሰበር

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። እኔ ከተመለስኩ በኋላ ጓደኛዬ በስልክ እንደነገረኝ፣ በሦስተኛው ሳምንት ደፈር አለና ጎረቤት ቡና ለመጠጣት በተሰበሰበበት ቦቢን በገመድ ይዞ ብቅ አለ። ቦቢ አበደ። ጎረቤት ተበተነ። ጀበናው ተሰበረ። አባት «አላልኩም?» አሉ። እናት ዝም አሉ።

ጓደኛዬ ተናደደ፤ ግን የተናደደው በራሱ ነው። ወደ 30 እርምጃው ተመለሰ። ቡናውን ደግሞ በሌላ መላ ተጠቀመበት። እናቱ ቡና መቁላት ሲጀምሩ፣ ጎረቤት ሳይመጣ በፊት፣ ቦቢን አጥሩ ውስጥ ያስገባና ትልቅ አጥንት ይሰጠዋል። ሺሺንዳ ደግሞ ቡና በቀን ከአንዴ በላይ ይፈላል፤ ትምህርቱ አልተቋረጠም። ከጊዜ በኋላ ምን ሆነ መሰላችሁ? የቡናው ሽታ ገና ሲሸተው ቦቢ ማንም ሳይጠራው ተነስቶ ወደ አጥሩ መሄድ ጀመረ!

አንድ ነገር አደራ። ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። «ትንሽ ጭረት ናት» አትበሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። የነከሰው ውሻ ባለቤት ያለውና ጤነኛ የሚመስል ከሆነ ደግሞ ቶሎ አይገደል፤ ተዘግቶበት ለ10 ቀን ይጠበቅ። እነቦቢም ቤት የሆነው ይኸው ነው። ክትባቱን የወሰደው 10 ቀኑን በሰላም ከጨረሰ በኋላ ነው። አንዴ የነከሰ ውሻ ደግሞ ቢለወጥም ጠንካራ አጥር ያስፈልገዋል፤ ከልጆች ጋር ብቻውን አይተውም።

ለገና ተመልሼ ሄድኩ። በሩን ገፋ ሳደርግ ልቤ ድው ድው ይል ነበር። ቦቢ ከአጥሩ ውስጥ ሁለቴ ጮኸና ተወ። አልላሰኝም፣ ጅራቱንም አልቆላልኝም። ዝም ብሎ ተኛ። ለእኔ ይህም ብዙ ነው።

ሁለተኛውን ስኒ እየጠጣን ሳለ ያ የተነከሰው የጎረቤት ልጅ በመንገድ ሲያልፍ በጆንያው ክፍተት ታየ። ሁላችንም ዝም አልን። ቦቢ ቀና አለ። ልጁን አየው። ከዚያ አንገቱን አዙሮ የጓደኛዬን አባት እጅ ማየት ጀመረ። ለካስ ሰውየው ከእኛ ተደብቀው በጋቢያቸው ሥር ሳምባ ይዘዋል! አንዷን ወረወሩለት።

ገና አለፈ። የመርዙን ነገር ማንም አላነሳውም።

ቸር ሰንብቱ!