በጨዋነቱ «መስፍን» የተባለው የሙዚቃ መሪ

ሰው የማዕርግ ስም የሚያገኘው ወይ ከትውልዱ ወይ ከሹመቱ ነው። ስመ ጥሩው የአሜሪካ የጃዝ ሙዚቃ መሪ ኤድዋርድ ኬኔዲ ኤሊንግተን ግን ማዕርጉን ያገኘው ከልጅነት ጓደኞቹ ነው። ንጹሕ አለባበሱንና መልካም ጠባዩን አይተው «ዱክ» አሉት፤ ይኸውም በእንግሊዝኛ መስፍን ማለት ነው።

ኤሊንግተን በዋሺንግተን ከተማ በ1899 ዓ.ም. ተወለደ፤ ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው። አባቱ በአንድ ሐኪም ቤት በአሳላፊነት ያገለግሉ ነበር፤ ቤተ ሰባቸውን ግን እንደ ባለጸጋ ቤተ ሰብ አድርገው አሳደጉ። እናቱም የተባረከ ልጅ መሆኑን ዘወትር ይነግሩት ነበር። ሁለቱም ፒያኖ ይጫወቱ ስለ ነበር፥ ልጁ ሙዚቃን ገና በቤቱ ሳለ ለመደ።

በ1923 ወደ ኒውዮርክ ሄደ፤ በ1927ም «ኮተን ክለብ» በሚባለው የጭፈራ ቤት የሙዚቃ ጓዱን ይመራ ጀመር። በዚያ ቤት የሚጫወቱት ጥቁሮች ሲሆኑ፥ ለመደሰት የሚገቡት ግን ነጮች ብቻ ነበሩ። ይሁን እንጂ ራዲዮ ሙዚቃውን ከዚያ አውጥቶ በአሜሪካ አገር ሁሉ አሰማው።

ሲኒማም ወዲያው ፈለገው። በ1929 «ብላክ ኤንድ ታን» በተባለው አጭር ፊልም በራሱ ስም ታየ። በ1930 «ቼክ ኤንድ ደብል ቼክ» የተባለው ፊልም ሲሠራ ግን የሚያሳዝን ነገር ሆነ። የፊልሙ ዋና ተዋንያን ፊታቸውን ጥቁር ቀብተው ጥቁሮችን የሚያስመስሉ ሁለት ነጮች ነበሩ። ከኤሊንግተን ጓድ መልካቸው ቀላ ያለው ባርኒ ቢጋርድና ሁዋን ቲዞልም፥ ተመልካች ነጭና ጥቁር አብረው የሚጫወቱ እንዳይመስለው፥ ፊታቸውን እንዲያጠቍሩ ተደረገ። ኤሊንግተን ግን ለቀልድ መሣሪያ አልሆነም፤ በክብር ልብሱ ሆኖ ጓዱን መራ።

ይህንኑ ክብር በመንገድም ጠበቀው። በ1930ዎቹ ዓመታት ወደ አሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሲዘልቅ፥ ሆቴሎች ጥቁሮችን አናሳድርም ስለሚሉ፥ ለጓዱ የተለየ የባቡር ሠረገላ ተከራየ፤ በዚያው በሉ፥ በዚያው አደሩ። በ1935ም «ሲምፎኒ ኢን ብላክ» በተባለው አጭር ፊልም የወገኖቹን ድካምና ኀዘን በሙዚቃ አሳየ። በእርሱም ወጣቷ ቢሊ ሆሊዴይ ዘፈነች።

በ1959 «አናቶሚ ኦፍ ኤ መርደር» ለተባለው ፊልም ሙዚቃውን የደረሰው እርሱ ራሱ ነው። በዚያም ፊልም ከነጩ ተዋናይ ከጄምስ ስቱዋርት ጋር በአንድ ፒያኖ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ሲጫወቱ ታዩ። ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በፊት ፊት እስከ ማስጠቈር የተከለከለው ነገር፥ ያን ቀን በግልጽ ተፈጸመ።

በ1973 ኤሊንግተን ከጓዱ ጋር አዲስ አበባ መጥቶ ተጫወተ፤ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ኒሻን ሸለሙት። በዓመቱ፥ በግንቦት ወር 1974፥ በኒውዮርክ ዐረፈ።

ልጆች በጨዋታ ያወጡለትን የመስፍንነት ስም ዕድሜውን ሙሉ በሥራው አጸናው። የክብሩ መሠረት የተጣለው ግን በአሳላፊው ቤት፥ ልጃቸውን አክብረው ባሳደጉ ወላጆች እጅ ነው።