«ማሬ» በዕብራይስጥ እንዴት ይጻፋል?

በአገራችን ለሴት ልጅ ስም ማውጣት የችኮላ ሥራ አልነበረም። በኦሪት ሥርዓት ሴት የወለደች እናት ሰማንያ ቀን ስለምትቆጥር፣ አያትም አክስትም ጎረቤትም የየራሳቸውን ስም ለማምጣት ጊዜ ነበራቸው። አንዲቱ ልጅ በእናቷ ዘንድ አንድ፣ በአያቷ ዘንድ ሌላ ስም ቢኖራት ማንም አይገረምም ነበር። እዚህ ግን እናቲቱ ገና ከአራስ አልጋዋ ሳትነሣ ቅጽ ይመጣላታል። ስሙም በዕብራይስጥ ፊደል አንድ ጊዜ ከሰፈረ በኋላ በኩፓት ሆሊም ካርድ፣ በመዋዕለ ሕፃናት ዝርዝር፣ በኋላም በተዑዳት ዜሁት ላይ ልጅቱን ይከተላታል።

በአፉላ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ፣ የቤት ሸአን አውቶቡስ በሚጠበቅበት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አንዲት አያትና ልጃቸው በዚሁ ጉዳይ ሲከራከሩ ሰማን። ከሃኤሜቅ ሆስፒታል ሕፃኗን አስመርምረው መመለሳቸው ነው።

«ማሬ ትባል ብያለሁ» ይላሉ አያትየዋ። «ገና በእጄ ስቀበላት ያልኩት ይህንኑ ነው።»

«እማዬ፣ ስሙን ጠልቼው እኮ አይደለም። ነርሷ ጽፋ መልሳ ስታነበው ማራ አለችው። መራራ ማለት ነው አለችኝ።»

«ማርን መራራ የሚል ምን ዓይነት ቋንቋ ነው!»

አጠገባቸው የተቀመጠው የእኛው ልጅ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ወታደር፣ ሳቁን መያዝ አቃተው። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በዕብራይስጥ ማር ሲባል መራራ ነው። ደግሞ አቶ ማለትም ነው። ለእኔ ከባንክ ደብዳቤ ሲመጣ በማር ነው የሚጀምረው።»

«እንግዲያው የልጅ ልጄ አቶ ልትባል ነዋ!» አሉ አያትየዋ። በዚህ መሐል አውቶቡሱ መጣ፤ ጋሪውን አጥፈው ተሳፈሩ።

ወታደሩ የተናገረው ትክክል ነው። ነገሩ ግን ከዚያም ይጠልቃል። የዕብራይስጥ ጽሕፈት እንደ ፊደላችን ሰባት ዓይነት ድምፅ ለይቶ አያሳይም። ማሬን በሜም፣ በሬሽና በሄ ብትጽፉት፣ መጨረሻ ላይ ያለው ሄ «ኤ» ተብሎም «አ» ተብሎም ሊነበብ ይችላል። አንባቢው ደግሞ የሚያውቀውን ቃል ያነባል፤ የሚያውቀውም ማራ ነው፣ መራራ ማለት፣ አንዳንዴም ሐሞት ማለት። በሄ ፈንታ ዩድ ቢገባ ማሪ ይሆናል። አያትየዋ በአፋቸው የሚጠሩትን ማሬ በትክክል የሚያስነብብ አጻጻፍ የለም ማለት ይቻላል።

ኦሪትን የሚያውቁ ሽማግሌዎቻችን ይህን ቃል ከማንም በፊት ያውቁታል። በዘፀአት፣ እስራኤል በምድረ በዳ ያገኙት ሊጠጣ ያልቻለው ውኃ ስፍራው ማራ ተብሎ ነበር፤ ሙሴ እንጨት ቢጥልበት ጣፈጠ። በመጽሐፈ ሩትም ኑኃሚን ባሏንና ሁለት ልጆቿን ቀብራ ስትመለስ፣ የቀድሞ ስሟን ትታ ማራ በሉኝ ብላለች። ስለዚህ እስራኤላዊት ነርስ ስሙን ስትሰማ ቅር ቢላት ንቀት አይደለም። በእሷ ጆሮ ሕፃን ልጅ «መራሪት» እየተባለች ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ነገር መለየት ያሻል። እንግዳ ስም ሌላ ነው፣ ተተርጉሞ የሚጎዳ ስም ሌላ። ትርንጎን ውሰዱ። ለእስራኤላዊ ጆሮ ፍጹም እንግዳ ነው፤ ነገር ግን ልጅቱ «ትርንጎ ማለት በሱኮት የምትይዙት ኤትሮግ ነው» ብላ አንድ ጊዜ ከተናገረች፣ ክፍሉ በሙሉ ስሟን አይረሳውም። አበባ ደግሞ መካከል ላይ ትወድቃለች። ፊደል ቆጣሪ ሕፃናት «አባ ባ» ብለው ያነቧታል፤ አባቴ መጣ ማለት ነው። ይህ ሳምንት ያህል ያስቃል እንጂ አያቆስልም፤ በእኛ አስተያየት አበባን ለዚህ ብሎ መተው አይገባም። ወለላም ቢሆን ወ በአፋቸው ወደ ቨ ትጠጋ ይሆናል እንጂ ክፉ ትርጉም አታመጣም።

ይህን ሁሉ የምናነሣው በምክንያት ነው። በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ ከገቡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ፣ በተለይ ልጆች፣ በመቀበያ ማዕከልና በትምህርት ቤት የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል። የሚሰጠው ሰው ስሙን ለማቅለል ብሎ ነው፤ የወላጅ ፈቃድ ግን ብዙም አልተጠየቀም። አንዳንዱ የተሰጠውን ስም ወዶት ኖረ፣ ሌላው ካደገ በኋላ የቀድሞ ስሙን መልሶ አወጣ። በ2013 ከኢትዮጵያ ተወላጆች የመጀመሪያዋ ሚስ እስራኤል የሆነችው፣ በቁልምጫዋ ቲቲ አይናው የምትባለው፣ ዘውዱን የደፋችው በአማርኛ ስሟ ነው። ስም ስለከበደ ብቻ አይጣልም።

የተገላቢጦሹንም አትርሱ። ወጣት እናቶች የሚወዱት ሺራ ማለት መዝሙር ነው፤ ዕብራይስጥ ያልገባቸው አያት ግን ሸራ ብለው ሰምተው «ልጅቷን በድንኳን ጨርቅ?» ሊሉ ይችላሉ። አያትና የልጅ ልጅ በጋራ የሚያውቁት ቃል ጥቂት በሆነበት ቤት፣ አያት በአፋቸው ሊጠሩት የማይችሉት ስም ቀላል ነገር አይደለም።

ማሬን የወደደ ቤተሰብ ምን ያድርግ? ማሩን ይዞ ሌላ ቃል መፈለግ ይቻላል። ዕብራይስጡ ያዓራ፣ የማር እንጀራ ማለት፣ በየትምህርት ቤቱ የተለመደ የሴት ልጅ ስም ነው። ድቮራም አለች፤ ትርጉሟ ንብ ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ባራቅን ወደ ታቦር ተራራ የላከችው ነቢይት ዲቦራ እሷ ናት፤ ታቦርም ከአፉላ ሰዎች ዓይን የሚርቅ ተራራ አይደለም። እርግጥ ዛሬ ድቮራ ይበልጡን የሴት አያቶች ስም ሆናለች። አማርኛውን ለሚመርጥ ወለላ አለች። በቅጹ ላይ ከእነዚህ አንዱ ቢሰፍር፣ በቤት ውስጥ ማሬ እያሉ መጥራትን የሚከለክል የለም። እኛ ብንጠየቅ ማሬን በሜም፣ ሬሽና ሄ ጽፈን ልጅ ትምህርት ቤት አንልክም።

የሚጣደፍም ነገር የለም። ስም ያልተስማማችሁበት እንደሆነ ከሆስፒታል ሳታስጽፉ መውጣት ትችላላችሁ፤ በኋላ በምስራድ ሃፕኒም ይሞላል። ስም የሚያወጡት ወላጆች ናቸው እንጂ ጸሐፊ ወይም ነርስ አይደሉም። በ1956 በወጣው የስሞች ሕግ መሠረት ስም መለወጥም ይፈቀዳል፤ ሆኖም አንዴ የተለወጠ ስም ያለ ልዩ ፈቃድ እስከ ሰባት ዓመት ድረስ እንደገና አይለወጥም።

ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት ስሙን በወረቀት ላይ በዕብራይስጥ አስጽፉ፤ ወረቀቱንም ቤተሰባችሁን ለማያውቅ ሰው፣ ለጎረቤትም ሆነ በጣቢያው አግዳሚ ላይ አጠገባችሁ ለተቀመጠ፣ ስጡትና ጮክ ብሎ ያንብበው። ሦስት ሰው ካነበበው በኋላ የትኛው ፊደል እንደሚገባ ታውቃላችሁ። ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱና ጸሐፊው ከጆሮው ሳይሆን ከወረቀቱ እንዲገለብጥ ጠይቁት።